ፊልም እኮ ነው!

አስፈሪ ፊልም የማይፈራ ሰው አላውቅም። የማይፈራ መስሎ የሚቀመጥ ሰው ግን አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

እንደኔ ዓይነቱ በየቤቱ አንድ አይጠፋም። ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። ሪሞቱ እሱ እጅ ነው። ሌላው ሲጮህ እሱ ፈገግ ይላል። ከዚያ ያቺን የታወቀች ቃሉን ጣል ያደርጋል። «ፊልም እኮ ነው!»

ይህቺን ቃል ጠጋ ብላችሁ ብትሰሟት ድምጿ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

የእኔ ፍርሃት ደግሞ የተማረ ፍርሃት ነው። ከፊልሙ ይልቅ የፊልሙን ጓዳ አጠናለሁ። ደሙ ከምን ተሠራ? ጭምብሉ ከየት መጣ? ያ ጩኸት በምን ተቀዳ? አንድ ነገር ሊያስፈራኝ ሲያንዣብብ ቶሎ ብዬ አንድ መረጃ እመዝበታለሁ። ሌላው ዓይኑን በትራስ ይሸፍናል፤ እኔ በዕውቀት እሸፍናለሁ።

ለምሳሌ የ1978ቱን «ሃሎዊን» እንውሰድ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) ያ ፊቱ ነጭ፣ ዓይኑ ጉድጓድ፣ ሲሄድ የማይቸኩል ገዳይ ስንቱን ሰው እንቅልፍ ነስቷል። ጭምብሉ ግን የ«ስታር ትሬክ»፣ የዚያ የጠፈር መርከብ ተከታታይ ፊልም፣ ካፒቴን ከርክ ፊት ነው። የፊልሙ ሰዎች ገንዘብ አልነበራቸውም። ገበያ ላይ ያለ ርካሽ ጭምብል ገዙ፣ ቅንድቡን አነሱ፣ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፉ፣ ነጭ ቀለም ነፉበት። አለቀ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሰውዬው ቢላ ይዞ ብቅ ሲል «ካፒቴን፣ መርከቡን የት ጥለኸው መጣህ?» ብዬ እቀልድበታለሁ። ቀን ቀን።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አክስቴ ልትጠይቀን መጥታ ቤታችን ሰነበተች። ታናሽ ወንድሜም እሷን ሊያይ መጣ። ማታ ላይ ጨዋታው ሲቀዘቅዝ አንዱ «ፊልም እንይ» አለ። ማን እንዳለ እስካሁን ያመነ የለም።

ወንድሜ ፊልም ሲነሳ ሌላ ሰው ይሆናል። የሚወደው «ከልት» የሚባሉትን ነው። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከልት ፊልም ማለት ብዙ ጊዜ ሲወጣ ሰው ፊቱን ያዞረበት ወይም ሃያሲ ያብጠለጠለው፣ ኋላ ግን የራሱን ምእመናን ያፈራ ፊልም ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ዓይነቱን ፊልም እኩለ ሌሊት ላይ የሚያሳዩ ሲኒማ ቤቶች ነበሩ። ቀጥሎ የቪዲዮ ካሴት መጣና ያ ሁሉ ጉድ ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ሳሎን ገባ። የከልት ምእመን ፊልሙን አያይም፤ ይደግመዋል። ተዋናዩ ከመናገሩ በፊት እሱ ይናገራል። ገዳዩ ከቁም ሣጥን ከመውጣቱ በፊት «አሁን ጠብቁ፣ አሁን ጠብቁ» ይላል። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አይደለም። እኛ ስንደነግጥ ለማየት ወደኛ ዞሮ ነው የሚቀመጠው።

የ1968ቱ የጆርጅ ሮሜሮ የሕያዋን ሙታን ፊልም ከተነሳማ አንድ የማይቀር ታሪክ አለችው። የፊልሙ ርዕስ ከመውጣቱ በፊት ሲቀየር የባለመብትነቱ ጽሑፍ በአዲሱ ርዕስ ላይ ሳይገባ ተረሳ። በጊዜው ሕግ ደግሞ ያ ጽሑፍ ከሌለ መብት የለም። ፊልሙ የማንም ሆነ። ያገኘ ሁሉ አባዛው፣ ያባዛ ሁሉ ሸጠው። «በአንድ መስመር ጽሑፍ!» ይላል ወንድሜ፣ ውርሱን የተቀማ ይመስል። እኛም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማነው አንነግረውም።

ያን ማታ ከእነዚያ አምስት ወጣቶች ጫካ ውስጥ ካለ ጎጆ ከሚያድሩባቸው ፊልሞች አንዱን ከፈተልን። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። አክስቴ ገደለችው።

አክስቴ አስፈሪ ፊልም አትፈራም። ልጆቹን እንደ ጎረቤት ልጆች ነው የምታያቸው። መኪናቸው ከጎጆው በር ላይ እንደቆመ ምርመራ ጀመረች።

«የማን ቤት ነው?»

«ተከራይተውት ነው።»

«አከራዩን ያውቁታል?»

«አያውቁትም መሰለኝ።»

«ወላጆቻቸውስ የት እንዳሉ ያውቃሉ?»

ወንድሜ ፊልሙን ፖዝ አድርጎ በትሕትና አስረዳት። ፊልሙ እንዲሆን ልጆቹ እዚያ ማደር አለባቸው። አክስቴ ሰማችውና «እሺ፣ ይደሩ» አለች። ግን ልቧ አላረፈም። ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲንኳኳ አንደኛው ልጅ ሊያይ ወረደ። በጨለማ። «መብራቱን አብራው እንጂ!» አለች አክስቴ። አላበራውም። «እጅ የለውም? ማብሪያው በሩ ጋ ነው እኮ!» ልጁ ደረጃው መሀል ቆሞ «ማነው?» ብሎ ተጣራ። በዚህ ጊዜ አክስቴ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እኔ ነኝ፣ ገዳይህ፣ ይበልህ?»

ከዚህ በኋላ ማን ይፈራል? ወንድሜ አኩርፎ ዘጋው።

እውነቱን ለመናገር አክስቴ ያለችው ሁሉ ትክክል ነው። በነዚህ ፊልሞች ውስጥ ስልክ ኔትወርክ የለውም። መኪና ሲፈለግ አይነሳም። ሰባት ሰው አንድ ላይ ቆሞ እያለ አንዱ ይነሳና «ተለያይተን እንፈልግ» ይላል። እሱን ሰውዬ ገዳዩ ባይገድለው እኔ እገድለው ነበር። «ቆይ፣ መጣሁ» ያለ ሰው አይመለስም። እንደዚህ ዓይነት ሞኝነት በሕይወቴ አላየሁም እል ነበር። እል ነበር ያልኩት አለምክንያት አይደለም፤ እደርስበታለሁ።

ባለቤቴ «የማያስፈራ አስፈሪ የለም?» አለች። ይህ ጥያቄ የሚያስቅ ይመስላል እንጂ ግማሹ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው። ክርክር ሆነ። በመጨረሻ የ1960ውን የአልፍሬድ ሂችኮክን «ሳይኮ» መረጥን። ባለቤቴ የተስማማችው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ነው። «ቀለም የሌለው ደም ምን ያስፈራል?» አለች። እኔም ደስ አለኝ። የዚህን ፊልም ጓዳ ከራሴ ጓዳ በላይ አውቀዋለሁ።

(ፊልሙን ያላያችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙ። መጨረሻውን እናገራለሁ። ከ60 ዓመት በላይ ጠብቄያችኋለሁ፤ በኔ አትፍረዱ።)

መብራት ጠፋ። መብራቱን ማጥፋት ራሱን የቻለ ድርድር ነው። ወንድሜ ድፍን ጨለማ ፈለገ። ባለቤቴ የኮሪደሩ መብራት ይብራ አለች። አክስቴ «ዓይናችሁ ይጠፋል» አለች። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጄ ምንም አላለችም፤ ስልኳ ላይ ናት፤ የስልኳ ብርሃን ለሁላችንም በቃን።

ቀጥሎ የድምፅ ጦርነት መጣ። አስፈሪ ፊልም ቤት ውስጥ ያየ ሰው ይህን ጦርነት ያውቀዋል። የፊልም ድምፅ የሚቀናበረው ለሲኒማ አዳራሽ ነው። በሹክሹክታውና በጩኸቱ መካከል ያለው ርቀት ሆን ተብሎ ሰፊ ነው። ቤት ውስጥ ታዲያ ሰዎቹ ሲያወሩ አይሰማም። «ምን አለች?» «እኔንጃ።» ድምፅ ትጨምራለህ። አሁንም ያንሾካሹካሉ። ትጨምራለህ። ልክ ሠላሳ ስትደርስ ቢላው ይመጣል። ቤቱ ይናጋል። ሪሞቱን ለመያዝ ስትራወጥ ከሶፋው ሥር ይገባል። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ወለሉን ይደበድባል። ያም ድብደባ ከፊልሙ ይሁን ከጎረቤት ሳይለይ አንድ ሰው ተጨማሪ ይጮሃል።

«ሳይኮ»ን የሚያውቅ ሰው ያንን የቫዮሊን ጩኸት ያውቃል። ሂችኮክ ያ ሴትየዋ ሻወር ውስጥ የምትገደልበት ትዕይንት ያለ ሙዚቃ እንዲያልፍ ነበር ሐሳቡ። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ግን ዝም ብሎ ጻፈለት። በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ። ሂችኮክ ሰማውና ሐሳቡን ቀየረ። እኔ ደግሞ ኸርማንን የማሸንፍበት ዘዴ አለኝ። ድምፁን ድርግም አድርጎ ማጥፋት ነው። ሞክሩት። ማንኛውም ገዳይ ድምፁ ሲጠፋ ሽንኩርት የሚፈልግ ሰው ይመስላል።

ያን ማታ ግን ሪሞቱ ሶፋው ሥር ነበር።

ሻወሩ ተከፈተ። ከመጋረጃው ጀርባ ጥላ መጣ። ባለቤቴ ዓይኗን በጣቶቿ ሸፈነች። ጣቶቿ መካከል ግን አንድ ሙሉ ዓይን ይታያል። እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። «ደሙ የቾኮሌት ሽሮፕ ነው» አልኩ። «ቢላው ሲወጋ የሚሰማው ድምፅ የሐብሐብ ዓይነት ፍሬ ሲወጋ ነው። ይቺን 45 ሰከንድ ለመቅረጽ ሰባት ቀን ፈጅቶባቸዋል። ካሜራውን ከ70 ጊዜ በላይ...»

«ዝም በል!» አሉኝ ሦስት ሆነው።

«አለፈ?» አለች ባለቤቴ።

«አላለፈም።»

«አሁንስ?»

ይሄ «አለፈ?» የሚባል ነገር ግርም ይለኛል። አለፈ ካልኳት ማየት ትጀምራለች። ካላለፈ ደግሞ በጣቶቿ መካከል ታያለች። አንድም ትዕይንት አምልጧት አያውቅም። ከኔ የሚለያት እኔ መሸፈኛዬ መናገሬ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ አልፎ፣ ውሃው ወርዶ፣ ሬሳው ተጠቅልሎ ወጥቶ፣ ልጄ ከስልኳ ቀና አለች።

«ያቺ ብሩን የሰረቀችው የታለች?»

«ሞተች።»

«መቼ?»

«ኢሞጂ ስትመርጪ።»

ሂችኮክ ይህን ያህል ዓመት ቀድሞ ልጄን ያውቃት ነበር። ፊልሙ ሲወጣ አንድ ደንብ አወጣ። ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም ሰው ሲኒማ ቤት እንዳይገባ። በዚያን ጊዜ ሰው ፊልም መሀል ላይ ገብቶ ማየት ልማዱ ነበር። ዋናዋ ተዋናይ ጃኔት ሊ ደግሞ ገና ፊልሙ ሳይጋመስ ትሞታለች። አርፍዶ የገባ ሰው «ጃኔት ሊ የታለች?» እያለ ሊጠብቃት ነው። ቤት ውስጥ ግን ይህን ደንብ ማን ያስከብራል? አንዱ ሽንት ቤት ይሄዳል። አንዱ ስልክ ያነሳል። አንዱ ሲመለስ «ምን አመለጠኝ?» ይላል። የአንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ፊልም ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

ውሃ የሚጠማውን ሰውስ ልብ ብላችሁታል? ሙዚቃው ሲወፍር ውሃ ይጠማዋል። ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል። እዚያ ቆሞ ጆሮውን ወደ ሳሎን ያቀናል። ጩኸቱ ሲያበቃ ብርጭቆውን ይዞ ይመለሳል። ብርጭቆው ባዶ ነው። ዊሊያም ካስል የሚባል አሜሪካዊ ዳይሬክተር እንዲህ ዓይነቱን ሰው ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። በ1958 አንድ ፊልሙን ላየ ሰው ሁሉ የሕይወት ዋስትና ገባለት። ተመልካቹ በፍርሃት ከሞተ 1,000 ዶላር። የሞተ የለም። በ1961 ደግሞ በሌላ ፊልሙ ላይ ከመጨረሻው ትዕይንት በፊት የ45 ሰከንድ እረፍት አስገባ። መውጣት የፈለገ ይውጣ፣ ገንዘቡ ይመለስለታል። ግን ገንዘቡን የሚወስደው «የፈሪዎች ጥግ» በሚባል ቦታ በኩል አልፎ፣ ሰው ሁሉ እያየው ነው። ከመሳቂያነት ቢሞቱ የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ ካስል ያተረፈው በነሱ ነው። እኛ ቤት የፈሪዎች ጥግ ወጥ ቤቱ ነው። ያን ማታ እኔ ሁለት ጊዜ ውሃ ጠማኝ።

አክስቴ በዚህ መሀል በሌላ ጉዳይ ተጠምዳለች። ሴትየዋ የተገደለችበት ሆቴል ልጅ፣ ኖርማን፣ አንጀቷን በልቶታል። ቀጭን፣ ዓይናፋር፣ እንግዳ የሚያስተናግድ ልጅ። እናቱ ደግሞ ከላይኛው ቤት ሆና ትጮህበታለች። አክስቴ እናትየዋን ከመጀመሪያው ጠምዳታለች።

«እንግዳ ፊት ልጇን እንዲህ ታዋርደዋለች? ደግሞ ወጥታ ሰላም አትልም!»

ከግድያው በኋላ ኖርማን መጥረጊያና ባልዲ ይዞ መጣ። መታጠቢያ ቤቱን ወለወለ። ግድግዳውን አጠበ። ገንዳውን ፈገፈገ። ሂችኮክ ይህን ረጋ ብሎ ነው የሚያሳየው። አብዛኛው ተመልካች እዚህ ላይ ይጨንቀዋል። አክስቴ ግን ተደሰተች።

«አያችሁ ልጅ! ሥራ አይንቅም። ጥግ ጥጉን ሳይቀር!» አለች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እሷን ተከትላ ባለቤቴ አየችኝ። «ወንድ ልጅ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።»

ሬሳ የሚሸሽግ ሰው በቤት ሥራ በለጠኝ።

ሴትየዋን ሊፈልግ የመጣው መርማሪ ደረጃው ላይ ከተወጋ በኋላ አክስቴን እንቅልፍ ጣላት። የመጨረሻ ቃሏ «ይቺ እናት መታሰር አለባት» የሚል ነበር። የቀረነው እስከ መጨረሻው አየን። ምድር ቤት ውስጥ ያ ወንበር ሲዞር ወንድሜ እንኳ ጮኸ። እኔ «ፊልም እኮ ነው» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም።

ፊልሙ አለቀ። መብራት በራ። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሥራ በዛበት። ሲኒማ ቤት ቢሆን አሁን ወደ ውጭ እንወጣ ነበር። ሰው አለ፣ መኪና አለ፣ ጫጫታ አለ። ፍርሃቱን እዚያው ወንበሩ ላይ ጥለህ ትሄዳለህ። ቤት ውስጥ ግን ፊልሙ የት ይሂድ? አንተም የትም አትሄድ። የፊልሙ ኮሪደር አለቀና ያንተ ኮሪደር ጀመረ።

ልጄ «እማዬ፣ ቻርጀሬ አንቺ ክፍል ነው መሰለኝ» ብላ ትራሷን ይዛ መጣች። ቻርጀር በትራስ አይፈለግም። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ቦታ አስፍታ ሰጠቻት። ወንድሜ «መሽቷል፣ ሶፋው ላይ ልተኛ» አለ። ቤቱ ሁለት ሕንፃ አልፎ ነው። እኔ በሩን ቆለፍኩ። ከዚያ መቆለፌን አየሁ። ከዚያ መቆለፌን ማየቴን አረጋገጥኩ።

ሌሊት ነቃሁ። ያ ሁሉ የጠጣሁት ውሃ ነው።

ከአልጋዬ እስከ መታጠቢያ ቤቱ አሥራ አራት እርምጃ ነው። ቀን ቆጥሬው አላውቅም። ማታ ግን እያንዳንዱን አውቀዋለሁ። የኮሪደሩን መብራት ባበራ ባለቤቴ ትነቃለች። ብትነቃ «ምነው? ፈራህ?» ትላለች። ስለዚህ መብራት ሳላበራ ሄድኩ። በስልኬ ብርሃን። ስልኬ አራት ፐርሰንት ነው የቀረው። አያችሁ እንግዲህ። ማብሪያው በሩ ጋ ነው፤ እጅም አለኝ።

ፍሪጁ ጉርር ብሎ ዝም አለ። ፍሪጃችን ሁልጊዜ እንዲህ ይላል። ከዚያች ሌሊት በፊት ግን ዝም ማለቱን ሰምቼው አላውቅም።

መረጃዎቼን ጠራሁ። የቾኮሌት ሽሮፕ አልኩ። ሐብሐብ አልኩ። ስለ አንጎል ያነበብኩትም ትዝ አለኝ። አሚግዳላ የሚባል፣ ቅርጹ ለውዝ የሚመስል ክፍል አለ። አደጋ ሲጠረጥር ማሰቢያው ክፍል ነገሩን ሳያመዛዝን ልብን ያስሮጣል፣ ጡንቻን ይገትራል። «ፊልም እኮ ነው» የሚለው ደብዳቤ እሱ ቢሮ የሚደርሰው እግር ከሮጠ በኋላ ነው። ይህም መረጃ አላጽናናኝም።

ይባስ ብሎ የዳይሬክተሩ የስፒልበርግ ሻርክ ትዝ አለኝ። በ1975ቱ «ጆውስ» ፊልም ላይ የተሠራው የማሽን ሻርክ የባሕሩ ጨው እየገባበት ይበላሽ ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ሻርኩን ብዙም ሳያሳይ መሄድ ነበረበት። ውሃው ብቻ። ሙዚቃው ብቻ። በዚህ የተነሳ ነው ፊልሙ ያን ያህል ያስፈራው። ይህን ለሰው ስናገር ሁልጊዜ ደስ ይለኝ ነበር። ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ቆሞ «የማይታየው ነው የሚያስፈራው» ብሎ ማሰብ ግን ራስን በራስ መግደል ነው።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ብርሃኔን አስገባሁ። የሻወሩ መጋረጃ ተዘግቷል። ማን ዘጋው?

አሁን የማልወደውን አንድ መረጃ ልንገራችሁ። ጃኔት ሊ ራሷ፣ ያቺው ተዋናይ፣ ፊልሙን ካየች በኋላ ሻወር መውሰድ ፈርታ ነበር። ግድ ካልሆነባት በቀር ገንዳ ውስጥ ነበር የምትታጠበው። ሰባት ቀን ሙሉ እዚያ የቆመችው እሷ ናት። ደሙ ምን እንደሆነ ከኔ በላይ ታውቃለች። ካሜራውን፣ መብራቱን፣ ሠራተኛውን ሁሉ አይታለች። ዕውቀት ከፍርሃት የሚያድን ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ እሷን ባዳናት። እኔ ከጽሑፍ ያነበብኩት ሰውዬማ...

ከኋላዬ ወለሉ ሲጥ አለ።

«ማነው?» አልኩ።

አዎ። አልኩት።

«እኔ ነኝ፣ ገዳይህ» አለ አንድ የሴት ድምፅ።

እንዴት እንደጮህኩ አልነግራችሁም። ድምፁ በኋላ ስጠየቅ «አስነጠሰኝ» ያልኩበት ዓይነት ነው። አክስቴ ኮሪደሩ መሀል ቆማ ትስቃለች። ስልክ የላት፣ መብራት የላት፣ ባዶ እግሯን። በጨለማ ግድግዳውን እየዳሰሰች መጥታ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ሽንት ቤት ልገባ ነው።»

«ታዲያ ግባ። እኔም ተራዬን እጠብቃለሁ።»

በሕይወቴ እንደዚህ የሚያስደስት ነገር ተነግሮኝ አያውቅም። ገባሁ። መጀመሪያ መጋረጃውን በመጥረጊያ እንጨት ገፋ አደረግኩት። ባዶ ነው። ከዚያ በሩን ገርበብ አደረግኩት፣ እንዳልቆልፈው።

«እዚያው ነሽ?» አልኩ።

«የት ልሄድ?» አለች። ትንሽ ዝም አለችና «እስቲ ንገረኝ፣ እንቅልፍ ጣለኝ እኮ። እናትየዋን ያዟት?»

«አልያዟትም።»

«ምነው? ሁለት ሰው ገድላ!»

«እናትየዋ የለችም አክስቴ። ከሞተች አሥር ዓመቷ ነው።»

«ሞታለች? ታዲያ ያ ሁሉ ጩኸት የማን ነበር?»

«የልጁ ነው። እንደ እሷ እየተናገረ፣ የሷን ቀሚስ እየለበሰ። የገደለውም እሱ ነው። እናቱን ራሱ እሱ ነው የገደላት። ሬሳዋን ቤት አስቀምጧት ነበር።»

ከበሩ ውጭ ድምፅ ጠፋ።

«ያ ሲወለውል የነበረው ልጅ?»

«እሱው።»

እንደገና ዝም አለች። ፍሪጁ ጉርር ብሎ ተነሣ። ከዚያ አንድ እጅ ግድግዳውን ሲዳስስ ሰማሁ። ቸኩሎ ይዳስሳል፣ ያልፋል፣ ይመለሳል።

«የኔ ልጅ» አለች አክስቴ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የዚህ ቤት ማብሪያ የቱ ጋ ነው ያላችሁት?»